የሙሴ ጂኖ የውሰት አያቶች

በሎክዳውኑ ወራት ጆሃንስበርግ ውስጥ ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነበር። መጠጥ መሸጥ ክልክል ነበር። ውሻ ይዞ መንሸራሸርም ክልክል ነበር። ሽማግሌ መላክን የሚከለክል ደንብ ግን አልወጣም፤ ሙያዬ ጋዜጠኝነት ስለሆነ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ የወዳጄ ልጅ ናቲ ሊያገባ ሲነሳ አራት ሽማግሌዎች በስልክ ስክሪን ላይ ተሰለፍን። እኔ ኦሬንጅ ግሮቭ ካለው አፓርታማዬ፣ ሁለተኛው ዮቪል ከተከራያት ክፍል፣ ሦስተኛው ፎርድስበርግ ከተዘጋው ሱቁ ጓዳ፣ አራተኛው ቮስሎሩስ ስፓዛ ከሚሏት የሰፈር ሱቁ ባንኮኒ ኋላ። የልጅቷ አባት ፕሪቶሪያ የሚሠሩ ሐኪም ናቸው፤ ደንብ አዋቂ፣ ኮስታራ ሰው። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ» ሲሉን ሁላችንም ተቀምጠን ነበር። የቮስሎሩሱ ሽማግሌ ግን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ማለት ወግ ነውና ወጉን ለማድረስ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከወገቡ በላይ ነጭ ጋቢ፣ ከወገቡ በታች ዝንጉርጉር ፒጃማ ለብሶ እንደነበር ሁለቱም ቤተሰቦች አዩ።

ሐኪሙ አልሳቁም። ልጁ ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ አሉ። ናቲ ከሆሳዕና በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ ከእኛ ጋር ከሚያወራው ይልቅ ከዙሉ ደንበኞቹ ጋር የሚቀልደው ይበልጣል። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ፣ ከዚያ አንድ ስም ጨምሮ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሎድሼዲንግ ነው፣ የመብራት ፈረቃ ነው ተባለና ተበተንን። ትንሽ ቆይቶ ለብቻዬ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መብራት አልሄደም። ስሙ ነው የጠፋብኝ። ሦስት ስም ብቻ ይስጡኝ በቃ፣ ሻርፕ ነኝ፣ ይበቃኛል። ማን ያጣራል?»

ይህችን ጥያቄ ቃል በቃል፣ በዚሁ ጉዳይ፣ ከአባቴ አፍ ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ ያጣራ ሰው ነበር። ደግሞ በዚያው ሰዓት ከታች ፎቅ የምትኖረው ጣልያናዊት መበለት ሳልሳ ጥዳ ኖሮ የቲማቲሙ ሽታ በደረጃው ወጥቶ በበሬ ስር ይገባ ነበር። ኦሬንጅ ግሮቭ ድሮ ጣልያን በጣልያን ነበር ይላሉ፤ ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሎች ናቸው። በዚያ ሰሞን የጆሃንስበርግ ሕዝብ መጠጥ ቢከለከል አናናስ እየገዛ በየባልዲው ሲጠምቅ፣ እሷ ከጋራዟ ወይን ታወጣ ነበር። ጣልያን መንግሥት የማይደርስበት ጓዳ አያጣም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ያደግኩት መሃላቸው ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ፖፖላሬ ነው። ሰፈሩን ለሠራተኞቻቸው ብለው የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። ጦርነቱን ተሸንፈው ሲወጡ ግን ሁሉም አልወጡም፤ መካኒኩ፣ አናጢው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገር ልጅ ያገባው ቀረ። እኔ ነፍስ ባወቅኩበት ዘመን ትኩስ ፉርኖ በአሥር ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በስሙኒ ሲኒማ ተገብቶ መልስ ይተርፍ ነበር። ወንዶቹ በሥራ ቀን ሁሉም ሰማያዊ ቱታ ለባሾች ናቸው። እሁድ እሁድ ደግሞ ነጭ ኮት፣ ሁለት ቀለም ጫማ፣ በቅባት ተለጥፎ የሚያበራ ፀጉር። ባለ ካሚዮኑን ከመካኒኩ ለመለየት እጃቸውን ማየት ያስፈልግ ነበር፤ የመካኒክ ጥፍር ውስጥ የገባ ግራሶ ሰንበት ነው ብሎ አይለቅም። ከሳልቫቶሬ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት በነበረችው ገላጣ ቦታ ከእንጨት የተጠረበ ኳስ እያንከባለሉ ቦቼ ይጫወታሉ። ከጨዋታው ይልቅ ጭቅጭቁ ይረዝማል። ከመካከላቸው አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ የኳሶቹን ርቀት በቀበቶው ይለካል፣ ሌላው ቀበቶህ የተለጠጠ ነው ብሎ ይከሳል፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ከፊደል ቀድመን የጣልያን ስድብ ለየን።

ሚስቶቻቸው ግን አገሬዎች፣ ኦርቶዶክሶች ነበሩ። ስለዚህ ባሎቹ ሳይወዱ በግድ ይጾማሉ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የሚሠራላቸው ያጣሉ፤ እስኪፈታ ድረስ ፓስታቸውን በባዶ ሳልሳ ይበላሉ። ሮም ካሉት ጳጳስ ይልቅ ሚስቶቻቸውን ይፈሩ ነበር ብል አላጋነንኩም። ለማካካሻው ገናን ሁለቴ፣ ፋሲካን ሁለቴ ይበላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁለቱም ሃይማኖት ቅሬታ ሲቀርብ አልሰማሁም። ቲማቲም የሚረክስበት ወር ሲመጣ ደግሞ በየግቢው በርሜል ተጥዶ የዓመቱ ሳልሳ ይፈላል፤ ሰፈሩ በሙሉ እስከ ክርኑ ይቀላል። ያን ቀን ለማያውቀን ሰው እልቂት የተፈጸመበት ሰፈር እንመስል ነበር።

ፈረንጅ ሁሉ ለእኛ ሙሴ ነው፤ ሙሴ ጂኖ የካሚዮን መካኒክ ነበር። ቤታችን ከቤቱ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይለያል። አማርኛውን የተማረው ከካሚዮን ረዳቶች ነው፤ ስለዚህ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ነገር ግን ስድብ የሌለበት አንድም ዐረፍተ ነገር አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሲያጽናና እንኳ ሟቹን በደግነቱ እያነሳ ይሰድበዋል። ሰው ይቅር ይለው ነበር፤ ከእሱ በላይ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጥ፣ ከእሱ በላይ ለተቸገረ የሚደርስ አልነበረም። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ባሏን እንደ ሰንጋ የምትነዳ ሴት ናት። የምትኮራበት ነገር ቢኖር የአማቷ ወፍጮ ነበር። ጂኖ ሲያገባት አባቴ አገሬ ላይ ባለ ወፍጮ ነው ብሏታል፤ እሷም ያንን አይታው የማታውቀውን ወፍጮ አሳድጋ፣ ወንዝ ጨምራ፣ ሦስት ድንጋይ አስገጥማ ለጎረቤት ታወራው ነበር።

አንድ ልጃቸው ሊና ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ጉልበት የማይደርስ ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳ ታክሲ ስትጠብቅ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ጉዳይ ያለው መስሎ እዚያ ጥግ ይቆማል፣ እኔንም ጨምሮ። እሷ ግን የወደደችው ግርማ የተባለ የደሴ ልጅ፣ መምህር ነው። ግርማም እንደሷ ክልስ ነበር። ሙሴ ካርሎ ይባል የነበረው አባቱ መንገድ ሲሠራ በድንጋይ ናዳ የሞተው እሱ ሕፃን ሳለ ነው። መንግሥት ግርማን ቆላ አገር መደበውና ለመሄድ ሁዳዴ እስኪገባ ያለው ጊዜ ብቻ ቀረው። በሁዳዴ ሰርግ የለም። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ያልተዳረች ልጇን አውቶቡስ የምታሳፍር ሴት አይደለችም። ወይ አሁን ይጋባሉ፣ ወይ እሱ ለብቻው ይሄዳል፤ ቆላ ለብቻው የሄደ መምህር ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሊና ታውቃለች፤ ከመጀመሪያው ክረምት በፊት አግብቶ ይገኛል።

የግርማ እናት ወይዘሮ ደስታ አልተቃወሙም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የልጅቷ አባት በገዛ አንደበቱ፣ በሽማግሌ ፊት ሰባት ቤት ይቁጠር። ይህ ከሌላው ይልቅ በክልሶች ላይ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ዘመን የጣልያን ሹፌር በየኬላው ልጅ አለው ይባላል። የደሴ ክልስና የአዲስ አበባ ክልስ ሲፈላለጉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይዋደዳሉ ወይ አልነበረም፤ ወንድምና እህት አለመሆናቸው በምን ታወቀ ነበር።

አባቴ የጂኖ ጋራዥ ጸሐፊ ነበር። የአገሩን ደንብ እንዲያስረዳቸው ተጠርቶ ሳልቫቶሬ ዳቦ ቤት ሄደ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው፤ በኋላም ሳልቫቶሬን ለብቻው ጠይቄዋለሁ። ሁለቱ ምንጮች በዋናው ነገር ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በጠጡት የወይን መጠን ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጂኖ፣ ሳልቫቶሬና አናጢው ቤፔ ነበሩ። አባቴ በል ከአባትህ ጀምር ሲለው ጂኖ ብርጭቆውን አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ከዚያ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ። ናፖሊ ውስጥ በአንድ የመነኮሳት ገዳም በር ላይ፣ በዳቦ ቅርጫት ተጥሎ ተገኘ። ስሙን ያወጡለት መነኮሳቱ ናቸው። አባት የለ፣ እናት የለ፣ ወፍጮም የለ። «አስካለ እንዳትሰማ» አለ።

የሰው ዘር የሚቆጠርበት አገር ሠላሳ ዓመት ግድም ኖሮ አንድ ስም የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቁ ነበር። በተለይ ልጁን ሊድር ሲነሳ። ሳልቫቶሬ ተነስቶ በሩን ዘጋ። አባቴም ያቺን ቃል ተናገረ፤ «የሚፈለገው ስም ነው። ስም ደግሞ እዚህ ሞልቷል። ማን ያጣራል?»

ቤፔ ለወዳጁ የሌለውን የሚሰጥ ሰው ነው፤ ያለውንማ እንዴት ይከለክላል። አባቱንና አያቱን አዋሰ። ሳልቫቶሬ ከቤፔ ላለማነስ ሦስት ትውልድ ባንዴ አወጣ። ጭቅጭቁ የተነሳው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቤፔ ከሰሜን ተራራ ነው፣ ሳልቫቶሬ ከሲሲሊያ፤ ሳልቫቶሬ አያቴ ከሰሜን ሰው አይወለድም አለ። ቤፔ ደግሞ የእኔ አያት ዓሣ አጥማጅ አባት እንዲኖረው አልፈቅድም አለ። አባቴ በካርታ ዕጣ አወጣላቸው። በዕጣው አንድ የሲሲሊያ ዓሣ አጥማጅ የአንድ ተራራ ላይ ደወል ሠሪ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ሳልቫቶሬ ካርታው ምልክት ነበረበት ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ይከራከር ነበር። አባቴ ለእያንዳንዱ ስም ሥራና ምልክት ጨመረበት፤ እኛ አገር ሰው ሲቆጠር ስሙ ብቻውን አይጠራምና። እነሱም በየአያታቸው ኮርተው የሚያውቁትን ሁሉ አፈሰሱ። አንዱ ጳጳሱን ሊያይ በአህያ ተነስቶ አህያዋ ስለታመመች ከመንገድ የተመለሰ ነው። አንዱ አምብሮጆ ይባላል፤ ደወል ሲሠራ ኖሮ በደወል ጩኸት የደነቆረ። ጂኖ ያን ሰሞን ሞተር ስር ተኝቶ የሰው አያቶችን ሲያጠና ይሰማ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የደሴ ሽማግሌዎች በግራዝማች ተሰማ እየተመሩ፣ አንድ ቄስ ጨምረው መጡ። ወይዘሮ ደስታም አብረው መጥተው ነበር፤ ወጉ ባይፈቅድም እሳቸውን እቤት ማስቀረት የቻለ ሰው አልተገኘም፤ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ገቡ። በእኛ በኩል አባቴ፣ ሁለቱ ጣልያኖች፣ የወይዘሮ አስካለ አጎት፣ በሰፈሩ አንጋፋነታቸው ደግሞ ባሻ ወልዴ ተቀመጡ። ባሻ የመንዝ ሰው፣ አርበኛ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ውስጥ የጣልያን ጥይት እንደገባ ቀርቷል። ዘመዶቻቸው በጦርነቱ አልቀዋል፣ ልጅ አልወለዱም። የተሰጣቸው ቤት በዕድል ይሁን በቀልድ ጣልያን ሰፈር መሃል ነበርና ጎረቤቶቻቸውን ሰላም የሚሉት በከዘራቸው ጫፍ ነው። እኔ ብርሌ እንዳቀርብ ተብዬ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ወይዘሮ አስካለ ከስም በቀር አንድ ቃል እንዳትተነፍስ ብላ ባሏን አስጠንቅቃዋለች። ጂኖ በነጭ ኮቱ ቆመ፤ እጁን ታጥቦ ታጥቦ ቆዳው ሊላጥ ደርሷል። ጀመረ። አባቱን ባለ ወፍጮውን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ባለ አህያውን ጠራ። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዱን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሳልቫቶሬ የራሱ ሰው ሲጠራ በኩራት ይቃናል። «ዓሣ አጥማጁ የአምብሮጆ ልጅ» አለ ጂኖ፣ «የደወል ሠሪው፣ በደወል ጩኸት የደነቆረው።»

ከጓዳ ሰርገኛ የገባ የሚያስመስል ጩኸት ተሰማ። ትሪ ሙሉ ብርሌ ወድቆ ነው። ወይዘሮ ደስታ መጋረጃውን ገፍተው ወጡ።

«የማን ልጅ ነው ያልከው?»

ጂኖ እንዳትተነፍስ ተብሏልና ስሙን ብቻ ደገመው። ወይዘሮ ደስታ ደረታቸውን ያዙ። ሟቹ ባላቸው ሕፃኑን ታቅፎ፣ ሲያድግ ዘሩን ይወቅ ብሎ ስም በስም አስጠንቷቸው ነበር፤ የተራራዋን መንደር፣ ደወሉን፣ ደንቆሮውን አምብሮጆን። አምብሮጆ የግርማ አባት የካርሎ አያት ነው። ወደ ግራዝማች ዞረው «ደም አንድ ነው። ተነሱ፣ እንሂድ» አሉ። ግራዝማች ከዘራቸውን አነሱ።

በዚህ መሃል ሊታመን የማይችል ነገር ያደረገው ቤፔ ነው። ቤፔ በልጅነቱ ከመንደሩ ወጥቶ ወገኖቹን የማያውቅ ሰው ነበር፤ አያቱ ደሴ ድረስ መታወቁን ሲሰማ ሁሉን ነገር ረሳ። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ወይዘሮ ደስታን አቅፎ ጉንጫቸውን ይስም ጀመር። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ካርሎ የአክስቴ ልጅ ነው ይላል በጣልያንኛ። ሽማግሌዎቹ በጂኖ አያት አናጢው ለምን እንደሚያለቅስ ሊገባቸው አልቻለም። ሳልቫቶሬ በኮቱ ጫፍ ይጎትተዋል፣ በእግሩም ይረግጠዋል። ሊና በጓዳው በር ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። አባቷን ብቻ ታየዋለች።

ጂኖም አያት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ቁጭ በሉ» አለ። «አምብሮጆ የእኔ አይደለም። የቤፔ ነው።» በእጁ ወደ ቤፔ አመለከተ፣ የተዋሰውን ካቻቪቴ እንደሚመልስ ሰው። «ዓሣ አጥማጁ የሳልቫቶሬ ነው። ባለ አህያውም የሳልቫቶሬ ነው። ሁሉም የሰው ነው። እኔ አባት የለኝም። ገዳም በር ላይ ነው የተገኘሁት። ልጆቹ አይዛመዱም፣ ሊና ከማንም አትዛመድም። ከእኔ ወዲያ ሰው የለም።»

ሰፈሩ ውስጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስድብ የሌለበት ንግግር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀድማ የተናገረችው ወይዘሮ አስካለ ናት።

«ወፍጮውስ?» አለች።

«ወፍጮ የለም፣ አስካለ።»

ፊቷ ላይ ወንዙም፣ ሦስቱም ድንጋይ ሲያልፉ ይታየኝ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ አሰበች መሰለኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፣ ባሏ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። «በል ቁጭ በል። ቆመህ አትንቀጥቀጥብኝ» አለችው።

ቄሱ ግን ነገሩ ተባብሷል እንጂ አልቀለለም አሉ። አባቱ የማይታወቅ ሰው ከማን እንደማይዛመድ በምን ይታወቃል? አባቴ የናፖሊ ባሕርና የቤፔ ተራራ እንደ ደሴና እንደ ሞያሌ እንደሚራራቁ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳ። ወይዘሮ ደስታም ከባላቸው በፊት ከቤተሰቡ ማንም ከመንደሩ ወጥቶ እንደማያውቅ መሰከሩ። ግራዝማች ደሙን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኛ የምንቆጥረው ስም ነው ብለው ቄሱን አሳመኑ። ነገር ግን ስም የሌለው ሰው ልጁን ሊድር አይችልም፤ ስለዚህ አባት ይፈለግለት አሉ። በአገራችን ደንብ ሰው ትልቅ ሆኖም ቢሆን የጡት ልጅ ይሆናል፤ የሚያሳድገው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በምስክር ፊት ያጠባዋል፣ ከዚያ በኋላ ዘሩ ዘሩ ነው። ግራዝማች ከደግነታቸው የተነሳ እኔው ልሁን አሉ። ቄሱ እርስዎ የሙሽራው ዘመድ ነዎት፣ ልጆቹን መልሰው ሊያዛምዱ ነው ብለው አስቀመጧቸው። የወይዘሮ አስካለ አጎት እጁን አወጣ። እሱ ቢሆን ጂኖ ከገዛ ሚስቱ ጋር የአጎት ልጅ ሊሆን ነው። አባቴ ደግሞ ከጂኖ በዕድሜ ያንሳል። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንዱን ከአንዱ ያላዛመደ ጠፋ።

ባሻ ወልዴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«እኔ ሰባት አባት አለኝ፣ ልጅ የለኝም። እሱ ልጅ አለው፣ አባት የለውም። ምንድን ነው የሚያከራክራችሁ?»

የግራዝማች ዓይን ወደ ባሻ ጉልበት ሄደ። ቀስ ብለው ባሻ፣ ምናልባት ያንን ጥይት የተኮሰው እኮ ይኸው ሰው ሊሆን ይችላል አሉ።

«ቢሆንስ?» አሉ ባሻ። «አባቱን ያስቸገረ ልጅ እሱ የመጀመሪያው ነው?»

ማር አምጡ ተባለ። ማር የለም፤ የቤቱ ማር በሙሉ ለዕለቱ ጠጅ ገብቷል። ሱቅ ልኬ ላስመጣ ሲባል ሽማግሌዎቹ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ተፈራ። ሳልቫቶሬ በሩጫ ሄዶ ከዳቦ ቤቱ አንድ ጣሳ የብርቱካን ማርማላታ ይዞ ተመለሰ። ቄሱ ጣሳውን አገላብጠው አዩት፣ ሸተቱት፣ ጣፋጭ መሆኑን በጣታቸው ቀምሰው አረጋገጡና ፈቀዱ። ሙሴ ጂኖ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቦርጩ የወጣ የካሚዮን መካኒክ፣ በነጭ ኮቱ ተንበርክኮ የአርበኛውን አውራ ጣት ጠባ። ባሻ አባቶቻቸውን ቆጠሩለት፤ እሱም እየተከተለ አንድ በአንድ ጠራቸው። ሊሳሳት ሲል ባሻ በሌላው እጃቸው ጆሮውን ያዝ ያደርጉታል። ሊናና ግርማ ሁዳዴ ሳይገባ ተጋቡ። ቤፔ በሰርጉ ላይ የተቀመጠው ከሙሽራው ወገን ነበር፤ በዘመድነቱ፤ ቅር ያለው ሳልቫቶሬ ብቻ ነው።

ናቲን በተመለከተ ስም አልሰጠሁትም። ሆሳዕና ላሉ አክስቱ እንዲደውል ነገርኩት። አክስቱ በድምፅ መልእክት ከሰባትም አልፈው ወደ አሥራዎቹ ሄዱ፤ ዳታው አለቀ እንጂ እሳቸው አላለቁም። ሐኪሙ ሰሙና ልጃቸውን ፈቀዱ። በዚያው ሰሞን ግን ከአራታችን ሽማግሌዎች የዮቪሉን ኮሮና ወሰደብን። ለቅሶውን የተቀመጥነው በስክሪን ነው። እያንዳንዳችን በየክፍላችን፣ በየካሬያችን ውስጥ፣ ማን አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ሳይታወቅ አለቀስን። ለቅሶ ቤት የሰው አቀማመጥ ምን ያህል ነገር እንደሚናገር ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ባሻ ወልዴ የሞቱ ጊዜ የሆነውንም ያስታወሰኝ እሱ ነው።

ባሻ ከሰርጉ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ጂኖ ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ሳይከፍት ጉልበታቸውን ሊጠይቅ ይገባ ነበር፤ ሲሰድባቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማል፣ ሲመልሱለትም ይሰማል። ሲሞቱ ድንኳኑ የተተከለው እሱ ግቢ ውስጥ ነው። ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ከፊት፣ የልጅ ቦታ ላይ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ከመንዝ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ የባሻ የጦር ሜዳ ጓደኛ፣ ወሬ ዘግይቶ ደርሷቸው በእግርና በካሚዮን የመጡ። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው ከፊት የተቀመጠውን ፈረንጅ አዩትና ወደ አባቴ ጎንበስ አሉ።

«ጣልያኑ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«አባቱ ሞቶበት» አላቸው አባቴ።

ሽማግሌው ጂኖን ተመለከቱት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄዱና ፊቱ ቆመው «እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉት፤ አጠገቡም ተቀመጡ።